ማሳው ይጥበቅ

«ክላክሱን ንካው!»

«ነካሁት እኮ፣ የኔታ!»

«ታዲያ ድምፁ የታለ?»

ድምፅ አልነበረም። ሾፌሩ ግዛቸው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ የላንድሮቨሩ መብራትም ክላክስም ሞተርም ጭጭ አሉ። ከጅማ የመጣው አዲስ ባትሪ ከተገጠመ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነበር። ከልቅሶው ድንኳን ወጥተው መኪናውን ከከበቡት ሰዎች አንዱ፣ «ይኼ ባትሪ ነው ወይስ ሌላ ሬሳ?» ቢል፣ አንዲት ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘችው።

መሪጌታ ገብረኪዳን ቀልዱን አልሰሙም። ጆሯቸው ከቤት ውስጥ ከሚመጣው የሲቃ ድምፅ ላይ ነበር። የሟቹ ወንድማቸው የወልደሩፋኤል ልጅ አልጣሽ፣ በአባቷ ሣልስት ዕለት ምጥ ይዟት፣ ሕፃኑ አግድም ሆኖባታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ላቡን እየጠረገ ወጥቶ፣ «ጅማ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን» ብሏል። በዚያ ማለዳ ቦንጋ ውስጥ ነዳጅ የተገኘለት መኪና ደግሞ ይኸው፣ ወልደሩፋኤል ጸጉሩ እስኪሸብት የነዳው የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ብቻ ነበር።

«ግፉት!» አለ ግዛቸው።

ለቀስተኛው ጋቢውን ጥሎ ገፋ። ጎማው ጭቃውን እየረጨ ትንሽ ሄደና ቆመ። ሞተሩ አልተነሣም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ወንድማቸው በሕይወት ቢኖር ይህን ጊዜ እየሳቀ ከመኪናው ሥር ገብቶ ነበር። ሁለቱ ከጎጃም አብረው ወርደው፣ ታላቁ ለደብሩ ደቀ መዛሙርት ንባብ ሲያስተምሩ፣ ታናሹ መሪ ጨበጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቃል ያጠብቃሉ፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ «ከላላ ግን የኔው ይብሳል። የእርስዎ ተማሪ ቢሳሳት ዳግመኛ ያነበዋል፤ እኔ ብሳሳት ገደል ነው!»

ሕመሙ ከጸናበት ወዲህ ግን ቀልዱም ድምፁም ከዳው። የመጨረሻ ቃሉን የሰማችው ሚስቱ ፀዳለ ናት፤ «ማሳው ይጠበቅ» ብሎኛል አለች። የገበሬ ማኅበሩ የመሬት ሽግሽግ የሚያካሂድበት ወራት ነበርና፣ ማንኪራ ያለችውን የቡና ማሳ ማለቱ ነው ተባለ። የፀዳለ ወንድም ጉግሳ ከቀብር እንደተመለሰ ማሳዋን ሊጠብቅ ሄደ። መሪጌታ ብቻ፣ «ለእርሻ ደንታ ያልነበረው ሰው በሞት አፋፍ ላይ ስለ ማሳ ምን አስጨነቀው?» ሲሉ ሰንብተዋል።

ግዛቸው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ብቻውን ያጉተመትማል። «ፖዘቲቩን አጥብቄያለሁ። ማሳውንም አጥብቄያለሁ። ምን ቀረኝ?»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ምንህን አልክ?»

«ማሳውን። ይኼን ጥቁር ገመድ፣ ከባትሪው ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን። እኛ ሾፌሮች ማሳ ነው የምንለው፣ የኔታ።»

መሪጌታ ወደ ገመዱ ጎንበስ አሉ። አንድ ፊደል ያወላገደ ተማሪ ምሥጢሩን እንደሚያፈርስ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወደ ድንኳኑ ዞረው ተጣሩ።

«ፀዳለ! ኧረ ፀዳለ! የወንድሜን ቃል እንደ ድምፁ ድገሚልኝ!»

«‹ማሳው ይጠበቅ› ነው ያለኝ፣ ጋሼ።»

«ይጠበቅ ነው ወይስ ይጥበቅ?»

ፀዳለ ዐይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ የሟቹን ከንፈር ተከትሎ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። «ይጥ… ይጥበቅ… ወይኔ! ይጥበቅ ነው ያለው!»

«ግዛቸው! የገመዱ ሌላው ጫፍ የት ነው?»

«ከሥር፣ ሻንሲው ብረት ላይ።»

«እሱንስ አጥብቀኸዋል?»

ይህን ጊዜ ግዛቸው የወልደሩፋኤልን መፍቻ ከመሣሪያ ሳጥኑ መንትፎ በደረቱ ጭቃው ላይ ተንሸራቷል። ወዲያው ከመኪናው ሥር ጮኸ።

«የኔታ! ብሎኑ በጣቴ ይዞራል! ዝገት ብቻ ነው! ቢላዋ፣ ቢላዋ አቀብሉኝ!»

ዝገቱን ፋቀ፤ ብሎኑን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ጭቃ እንደለበሰ ዘሎ ገባና ቁልፉን አዞረ። መብራቱ ቦግ አለ፤ ሞተሩ አጓራ፤ ክላክሱ መንደሩን ሰነጠቀው። ሴቶቹ ልቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው እልል አሉ። መሪጌታም መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ «ስብሐት ለአብ!» አሉ።

አልጣሽን በቃሬዛ አምጥተው ሲያስገቧት መሪጌታ የሾፌሩን እጅ ያዙ። «ሁለቱም ከዳኑ፣ ስትመለስ ከዳገቱ ላይ ንፋልን። ካልሆነ ዝም ብለህ ግባ።» ከዚያም ወደ ፀዳለ ዞረው፣ «በይ፣ ጉግሳን አስጠሪው። ማሳው ጠብቋል» አሏት። ፀዳለ ሳቋ እንባዋን ቀድሞባት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ ከዳገቱ ላይ ክላክስ ተነፋ፤ ረዥም፣ የማያባራ።

«ወንድ ነው!» አለ ግዛቸው ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «እናቱም ደኅና ናት! ሆዷን ቀደው ነው ያወጡት!»

ግርግሩ ጋብ ሲል መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ለፀዳለ ሰጣት። «የጋሽ ወልደሩፋኤል ነው፣ እትዬ።»

ፀዳለ ተቀብላ ቅባቱን በመዳፏ አበሰች። ከዚያም ከመቀነቷ እጥፋት ውስጥ ሸጎጠችውና፣ በልቅሶው ሰሞን የላላውን መቀነት እንደገና አጠበቀች።