የመርዳሳ የጸሎት ርዕስ

ጋሽ መርዳሳ ሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበሩት። ከናዝሬት አሰብ፣ ከአሰብ ናዝሬት ሲመላለሱ ጎማቸው እንጂ ኪሱ አይነካም ነበር። ታዲያ ይሄ ሰው ለአንዲት ልጁ የኮሌጅ ክፈል ሲባል ራሱን ያመው ጀመር።

ልጁ ሎሚ ማትሪክ ወስዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ለጥቂት አመለጣት። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ አዲስ አበባ በክፍያ የሂሳብ ሥራ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ መከፈቱን ሰምታለች። ሄዳ ተፈተነች፣ አለፈች። የቀራት ክፍያው ብቻ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው። ይሄ ካመለጣት እጇን አጣጥፋ ቤት መቀመጧ ነው።

"ጎበዝ ብትሆን መንግሥት በነጻ ያስተምራት ነበር" አለ መርዳሳ። "ለእኔ ማን ከፈለልኝ? አሰብ በረሃ ላይ ጎማ ስፈታ አይደል ሰው የሆንኩት! በአባቱ ብር የተማረ ልጅ የትም አይደርስም።"

"ላንተ ያልተከፈለልህ አባትህ ስላልነበረው ነው" አለች ሚስቱ ዘርፉ። "የእሷ አባት ግን አለው።"

መልስ አጣ። መልስ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? መንፈሳዊ ይሆናላ!

"እስቲ እንጸልይበት" አለ።

የጸሎት ቤታቸውን ደርግ ካሸገው ዓመታት አልፈዋል። ምእመናኑ እሑድ እሑድ በየሰው ቤት በተራ ይሰበሰባሉ። የቀበሌ ዓይን እንዳያርፍባቸው አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ጫማቸውን ደጅ አይተዉም፣ አልጋ ሥር ይደብቃሉ፤ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ይዘምራሉ። በመጨረሻ የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው ርዕሱን ይናገራል። ለምን፣ እንዴት ተብሎ አይጠየቅም። አንዴ የተነገረ ችግር ግን የሁሉም ችግር ነው፤ በዚያ ክፉ ዘመን ከእርስ በርሳቸው ሌላ ማን ነበራቸው? መርዳሳ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ለስንቱ አብሮ አዋጥቷል። ያን ቀን ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ዘርፉን በጎን እያየ ተነሳ።

"ለሎሚ ትምህርት የሚከፈለውን ጌታ እንዲያዘጋጅላት ጸልዩልኝ" አለ ድምፁን አለስልሶ።

ሎሚ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እማማ የሺዓለም፣ የሰው በርበሬ እየወቀጡ የሚኖሩት ባልቴት፣ "ጌታ ሆይ ይህቺን ልጅ አስባት!" ብለው ሲያለቅሱ፣ ድምፃቸው መንገድ ድረስ እንዳይሰማ አጠገባቸው ያሉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አስያዟቸው።

መርዳሳ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩን ለጌታ አስረክቦ መገላገሉ ነው። ኧረ አንተ ሰውዬ!

በሚቀጥለው እሑድ ተራው የእሱ ቤት ነበር። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ገቡ፤ ያን ቀን ግን ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ብርድ ልብስ ይዛለች። ሞጆ ቆዳ በማልፋት የሚተዳደረው አስፋው በገዛ እጁ የሰፋውን የቆዳ ሻንጣ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ትከሻው ላይ ጤፍ በማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ።

"አካም ጅርታ፣ መርዳሳ" አሉ የሁሉም ሽማግሌ ጋሽ ደገፋ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው። "ወንድሜ፣ ሳትነግረን ገብቶናል። ያለው አባት ለልጁ ትምህርት ጸልዩልኝ አይልም። መኪኖቹም ከእጅህ ወጥተው ይሆናል፤ ይሄ ዘመን ያልወሰደው የማንን ነው? አንጠይቅህም። ለሎሚ መክፈያ እንዳቅማችን አዋጥተናል። ጤፉ ለቤታችሁ ነው። ምንም አትፈር።"

አትፈር አሉት! መርዳሳ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዓይኑ ከእማማ የሺዓለም ጋር ተጋጠመ። ሟቹ ባላቸው የሰጧቸው፣ እሳቸውን ሲቀብሩ እንኳ ያላወለቁት የወርቅ ጉትቻ ጆሯቸው ላይ የለም። ቀዳዳው እንዳይደፈን ጥቁር ክር አስገብተውበታል።

"ጓዳ ላግባው" አለ አስፋው ጤፉን እንደተሸከመ።

"ተው! እዚሁ አስቀምጠው!" ብሎ ጮኸ መርዳሳ።

"ምን ሲሉ ጋሼ! እርስዎ ሊሸከሙት ነው እንዴ?" ብሎ አስፋው የጓዳውን በር በጉልበቱ ገፋ።

ጓዳው ውስጥ ጤፍ በኩንታል እስከ ኮርኒስ ተደርድሯል። የዘይቱ ቆርቆሮ፣ የስኳሩ ጆንያ፣ ምኑ ቅጡ! አስፋው ቆሞ አየ። ከዚያ ጤፉን ከትከሻው ሳያወርድ ተመለሰና ሳሎኑ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። መርዳሳን አላየውም፤ ራሱ የሰረቀ ይመስል አቀርቅሮ ተቀመጠ።

መርዳሳን ላብ አጠመቀው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ተቀብሎ በኋላ በዘዴ መመለስ ይቻል ነበር። አስፋው እንደሆነ አይናገርበትም። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያቺ ጥቁር ክር ግን አላስወጣ አለችው።

"አለኝ" አለ።

"ምን አልክ?" አሉ ጋሽ ደገፋ።

"ገንዘብ አለኝ። መኪኖቹም አሉ። ጓዳዬም ሙሉ ነው። ለልጄ መክፈሉን ሰስቼ ነው ያስጸለይኳችሁ።"

ዘርፉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። መርዳሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። የሚሰድበውን ሰው ጠበቀ። ይገባዋልም።

መጀመሪያ የተነሱት እማማ የሺዓለም ናቸው።

"አልደኸየህም ማለት ነው?"

"አልደኸየሁም እማማ።"

"እሰይ! ተመስገን ጌታዬ! እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። መርዳሳ ወደቀ ብዬ!" ብለው እያለቀሱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አገላብጠው ሳሙት።

"እማማ፣ ጉትቻውን እኔ..."

"እሱን ተወው። ለሎሚ ነው የሰጠሁት፣ ላንተ መች ሰጠሁህ!" አሉ እየሳቁ። በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆንማ በቻለው! ጉንጩ ላይ የቀረው እንባቸው በጥፊ ከመመታት በላይ አቃጠለው።

ያኔ ሎሚ ከተቀመጠችበት ጥግ ተነሳች። አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ነገ ትከፍላለህ?"

"ልጄ፣ እንግዶቹ ይሂዱና ቤታችን ውስጥ..."

"አይ። አሁን ንገረኝ።"

"እከፍላለሁ።"

"እስክጨርስ?"

"እስክትጨርሺ" አለ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ሎሚ ግን ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራ ነበር።

"ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለች። "ምስክሮቼ ናችሁ።"