የቁም ተዝካር

አድማሴ እግሩ ከተላጠ ወዲህ ገንዳ ውስጥ መቆም አቃተው። የቁስቋም ምንጣፍ ሠሪዎች የበግ ጠጉር የሚያጠብቁት የፈላ ውሃ እያፈሰሱ በባዶ እግራቸው በመርገጥ ነው፤ እግሩ የደከመ ሰው ምን ያደርጋል?

ድሮ የሚያሠራቸው ነጋዴው ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ቋጣሪ ነው፤ ቢሆንም የሰው አፍ ስለሚፈራ፣ እግሩ የቆሰለውን እያጉረመረመ ቅቤ አስቀብቶ ጠጉር መንደፊያው ዘንድ ያስቀምጠዋል። ኋላ መንግሥት አዳራሽና ትልልቅ ድስት ሰጥቶ «ከእንግዲህ ጌታውም ሠራተኛውም እናንተው ናችሁ» ሲላቸው፣ ከሁሉ አብልጦ የፎከረው አድማሴ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲባሉ የሚያውቁት ማኅበር ጽዋ የሚጠጡበትን የሩፋኤልን ነውና፣ አለቃቸውን እንደዚያው ሙሴ አሉት። ሥርዓቱንም ከዚያው አመጡት፤ አባል ሲሞት ቦታው ለሚስቱ ያልፋል፣ በሕይወት ሳለ ግን ለማንም አይሰጥም።

ቅዳሜ ተሰበሰቡ። የመንግሥቱ ሹምም አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«የጠጉር መንደፊያውን ደጋን ስጡኝ፤ ተቀምጬ ልንደፍ» አለ አድማሴ።

«እኛ ተቀቅለን አንተ ተቀምጠህ፣ እኩል ልንካፈል?» አለች ትርንጎ። «ሸጋ ዘዴ ነው አያ አድማሴ! ነገ እኔም እያነከስሁ እመጣለሁ።»

ሳቁ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ እንኳ ያስቀምጥ ነበር!»

«እሱማ የሚሰጠው ከራሱ ነው» አለ ሙሴው ወልደ ዮሐንስ። «ቢከለክልህ አብረንህ እናማው ነበር። አሁን ማንን እንማ?»

አድማሴ ወደ ሹሙ ዞረ። «ጌታዬ፣ ይፍረዱኝ።»

«ማኅበሩ የራሳችሁ ነው፤ እኔ አልገባበትም» አለ ሹሙ፣ በራሳቸው መምከራቸው ደስ ብሎት።

«ሚስትህ አምሳል ጤነኛ እግር አላት» አለ ሙሴው። «እሷ ትተካህ።»

«እኔ ሳልሞት?»

ሥርዓቱን ሁሉም ያውቀዋል። መላውን ያገኘችው ትርንጎ ናት።

«ምነው፣ ስንቱ ጨዋ ተዝካሩን በቁሙ አውጥቶ የለም? የአያ አድማሴንም እናውጣ። ተዝካሩ ከወጣ እንደ ሞተ ይቆጠር።»

እጅ ወጣ፤ ከአድማሴ በቀር የሁሉም። አንድ እጅ ከጎደለ ግን አይጸናም።

«እምቢ ካልህ ቦታህ ባዶ ይቀራል» አለ ሙሴው በለሰለሰ ድምፅ። «ለልጆችህ ምን ታበላለህ?»

አድማሴ በር ላይ የቆመችውን ሚስቱን አያት። «ተዉት» እንድትል ጠበቀ። አምሳል መሬት መሬቱን አየች። እጁን አነሣ።

«ነፍስ ይማር» አሉ በአንድ አፍ፤ ጠላውም ተቀዳ። ለእሱ አልቀዱለትም።

ሰኞ አምሳል ገንዳው ውስጥ ገባች። ውሃው ሲፈስባት ጮኸች።

«ተረከዝሽን አስቀድሚ» አላት አድማሴ ከደጅ ሆኖ።

«ማነው የተናገረው?» አለች ትርንጎ ዙሪያዋን እያየች። «ሙት ያወራል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አምሳልም ሳቀች፤ እየሳቀች ረገጠች።