ባሕሩ የተነፈሰበት ዓመት

የወደቡ ሰው ሁሉ «የባሕር ሐኪም» እያለ ነው የሚጠራው። ሐኪም አይደለም፤ ወደ ውሃው በገባው ረጅም ድልድይ ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማሽን የሚጠብቅ ቴክኒሺያን ነው። ማሽኑ ሌት ተቀን የባሕሩን ትንፋሽ ይለካል። ስለዚህ የወደቡ ዘበኛ ባየው ቁጥር «በሽተኛህ እንዴት አደረ?» እያለ ይቀልድበታል። እሱም «ዛሬ ይሻለዋል፣ እህል ቀምሷል» ብሎት ያልፋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚለዋወጠው ቃል ይኸው ብቻ ነበር። እሱም ወግ ከተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ከአየር ላይ ካርቦን ይስባል፤ ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከኔና ከናንተ አፍንጫ የሚወጣውን ማለቴ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ እኩል አይስብም። አንዱ ዓመት ሆዳም ነው፣ ያገኘውን ይውጣል። በሌላው ዓመት ደግሞ ነፋሱ ከሥር ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያወጣውና፣ እዚያ ታች ስንት ዘመን ተከማችቶ የኖረው ካርቦን ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አምና እንዲያ፣ ዘንድሮ እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው እያሉ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ምሁራን አሉ። አንዷ የገዛ ልጁ ናት። ሩቅ ከተማ፣ ትልቅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ አባቷ የሚልከውን ቁጥር ታነባለች።

ለእናቷ ቀብር መጥታ ነበር። ጥቂት ቀን አድራ ሄደች። እሷን ሸኝቶ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ እግዜር አያሳያችሁ፣ ቤቱ ጭር አለበት። ማንኪያው ከሰሃኑ ጋር ሲጋጭ የራሱ እጅ አስደነገጠው። አልጋው ላይ በሚስቱ በኩል ያለው አንሶላ ሳይጨማደድ ነጋ፤ እሱም ዓይኑን ሳይከድን። በማግስቱ «ዛሬ ፓምፑ ድምፁ ደስ አይልም፣ ልጠብቀው» ብሎ ራሱን አታለለና እዚያው ማሽን ክፍል ቀረ። ፓምፑ ደህና ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ጉር ጉር ሲል አደረ። ሰው አጠገቡ የተኛ መሰለውና ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ፍራሽ አስገባ፣ ብርድ ልብስ አስገባ፣ የሻይ ማፍያ አስገባ።

ክልክል መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ያለ ሥራ መቆየት አይቻልም ይላል። የሰው ትንፋሽ ካርቦን ነው። ማሽኑ ደግሞ የማን ትንፋሽ ነው ብሎ አይጠይቅም፣ የደረሰውን ይቆጥራል። ግን የባሕሩ ውሃ የሚረጭበት የማሽኑ የመስታወት ዕቃ አየር ሲያስፈልገው የሚስበው ከውጭ ነው፤ ግድግዳውን ቀዶ በሚወጣ ቀጭን ቱቦ። «ቱቦው እስካለ ድረስ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለና ተኛ። ሰውየው ለራሱ ሲሆን ጠበቃ ነው።

የልጁ ስልክ በመጀመሪያ በየሁለት ቀኑ ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ። በኋላማ «አባባ ሥራ በዛብኝ፣ እደውልልሃለሁ» አለችና ጠፋች። ቁጥሩን ግን በየቀኑ ይልክላታል። «አይፈረድባትም» ይላል። አንጀቱ ግን ያርረዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ሳይጠብቀው ስልኩ ጮኸ።

«አባባ! ባሕራችን ተነፈሰ እኮ!»

«ምን ሆነ?»

«መሳቡን ትቶ እየለቀቀ ነው! እንዲህ ያለ ዓመት አይቼ አላውቅም። ቁጥሩ ድንገት ነው የወጣው፣ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። በዚያ ሰሞን ምን ነበር? ነፋስ? ማዕበል?»

«ኧረ ምንም። ፀጥ ያለ ነበር።»

«እንግዲያው ከታች የሆነ ጉድ አለ!»

ደስታዋ በስልክ ይዳሰሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ደወለች። የውሃውን ሙቀት ትጠይቀዋለች፣ ጨዋማነቱን ትጠይቀዋለች፣ በመጨረሻ «በላህ ወይ?» ትለዋለች። ያቺን «በላህ ወይ» ለመስማት ሲል ሙቀቱን ዘርዝሮ፣ ዘርዝሮ አይጠግብም። የምትደውልበት ሰዓት ሲቃረብ ሻዩን ቀድቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ቁጭ ይላል። ለዘበኛው ሳይቀር «ልጄ እኮ ያለኔ ሥራ አትጀምርም» ብሎ ጉራውን ነፋበት።

አንድ ቀን የመስታወቱ ዕቃ አረንጓዴ ዝቃጭ ያዘና፣ ሊያጥበው ብሎ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አደረገው። ክው አለ። ቱቦው ከግድግዳው ወልቋል። የፍራሹ ራስጌ ገፍቶት ኖሯል። ጫፉ ትራሱ ላይ ተጋድሟል፣ ልክ እሱ አፉን ከፍቶ በሚያንኮራፋበት በኩል።

«ወይ ጉዴ!» አለ። ባሕሩ መቼ ተነፈሰ? የተነፈሰው እሱ ነው!

ቱቦውን ቦታው መለሰው። ቁጥሩ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ባሕሩ ተሻለው ይባላል፣ አለቀ። ይህን እያሰላሰለ ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ ነገ በትልቁ ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ። ከኔ ስም ቀጥሎ ያንተ ስም ተጽፏል፣ አየህ?»

«የታችኛው ጣቢያስ? የቀጭኑ?» አላት። ቀጭኑ የሚሉት ከወደቡ በታች ያንኑ ባሕር የሚለካ የሙያ ጓደኛው ነው፤ ማሽኑን እንደ ሕፃን ልጅ የሚወለውል ሰው።

«የሱ ምንም ለውጥ አያሳይም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብለናል። የዓመቱን ሥራ በሙሉ እንጥለዋለን።»

የዚያ ምስኪን ሰው ዓመት በእሱ ማንኮራፋት ምክንያት ሊጣል ነው። ቢናገርስ? ቢናገር ባሕሩ እንደማንኛውም ዓመት ይሆናል፣ ልጁም እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ነገ ማን ይደውልለታል? ፈራ። እንዲህ የፈራው ሚስቱ በታመመች ጊዜ ነበር።

«ልጄ፣ አታቅርቢው።»

«እንዴ! ለምን?»

«ቱቦው ወልቆ ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ የክፍሉን አየር ነው ሲስብ የከረመው።»

«ቢስብስ? ክፍሉ ባዶ ነው እኮ፣ ቁጥሩን ይህን ያህል አያወጣውም።»

«ባዶ አይደለም። እኔ አድርበታለሁ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ቤት ማደር አቃተኝ።»

ስብሰባዋ፣ ጽሑፏ፣ ስሟ ሁሉ ገደል እንደገባ እሱም ያውቀዋል፤ ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። አልተቆጣችም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«አንቺ ከሄድሽ ማግስት ጀምሮ።»

«ከቀብሩ በኋላ?»

«አዎ።»

በዚያ ሰሞን ባሕሩን ምን ነካው እያለች ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች። አሁን ያ ሰሞን የትኛው ሰሞን እንደሆነ ገባት። እሱም አሁን ገና ገባው፤ ያኔ «ምንም» ብሏት ነበርና አፈረ።

ልጁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልቅሶ ሲመጣባት ወደ ሒሳብ ነው የምትሸሸው። አሁንም የቢሮ ድምፅዋን አወጣች። «እሺ። ምናልባት... ማረም ይቻል ይሆናል። የአንድ ሰው ትንፋሽ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል፣ በስሌት ይቀነሳል። ግን ሌላ ሰው አብሮህ የነበረባቸውን ቀኖች ለይተህ ንገረኝ። ሁለት ሰው ሲሆን ስሌቱ ይለያል። እንግዳ የመጣ ቀን፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ...»

«ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም» አላት። «ዓመቱን በሙሉ አንድ ሰው ብለሽ አስዪው፣ የኔ እናት።»