የጉድጓዱ መያዣ

ሸማኔ ቤት ሲፈልግ እንደ ሌላው ሰው ጣሪያ አያይም፤ ወለሉን ነው የሚያየው። ወለሉ ድንጋይ ከሆነ አይሆነውም። አፈር ከሆነ ግን እሰየው፤ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ይቆፍርና አፋፉ ላይ ቁጭ ይላል፤ ከታች መርገጫውን እየረገጠ፣ ከላይ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ይውላል። እንግዲህ ልጆቼ፣ ቤቱ የሰው ነውና አከራይም ወለሏን በነጻ አታስቆፍርም። «ስትወጣ ደፍነህ ትወጣለህ፤ እስከዚያው መያዣ አስቀምጥ» ትላለች።

ፀሐዬም ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ የወይዘሮ ሙሉእመቤትን የጓሮ ክፍል ሲይዝ እንዲሁ አደረገ። ሃያ አምስት ብር የጉድጓድ መያዣ ሰጠ። በወር ስምንት ብር ሂሳብ ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈለ። ወሩ መስከረም ነው፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ። ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማንም ሰው ቤቱን ማከራየት አይችልም። ስለዚህ ወይዘሮዋ ቀበሌ ይዘውት ሄዱና «የሟቹ ባለቤቴ የስብሐት የወንድም ልጅ ነው» ብለው አስመዘገቡት። ደረሰኝ የለም፣ ምስክር የለም።

«ዘመድና ዘመድ ደግሞ ደረሰኝ ይጻጻፋል እንዴ፣ የኔ ጌታ?» አሉት እየሳቁ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበሩ።

ኅዳር እንደገባ፣ ፀሐዬ ለጥምቀት የታዘዘ ጋቢ ጀምሮ ሳለ ወይዘሮዋ በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ፀሐዬ ልጄ፣ ልትወጣልኝ ነው።»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ኧረ ምንም! ቀበሌ ሰው እንደገና ሊቆጥር ነው አሉ። አንተ ደግሞ ስብሐትን በምን ትመስላለህ? በአፍንጫህ ነው በአነጋገርህ?»

«እሺ፣ እወጣለሁ። የአራት ወር ኪራዬንና መያዣዬን ይስጡኝ።»

«ጉድጓዱስ?»

«እደፍነዋለሁ።»

«ድፈነውና ና። ገንዘብህ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

ሃምሳ ሰባት ብር ነው እንግዲህ። ፀሐዬ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሸጎሌ ድረስ በእግሩ ሄዶ ወለሉ አፈር የሆነ ክፍል አገኘ። ባለቤቷ ሀጂራ የምትባል ቁርጥ ያለች ሴት ናት። «ለሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አርባ ብር ይዘህ ከመጣህ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልመጣህ ለሌላ እሰጣለሁ፤ እንዳትቀየመኝ» አለችው። እጁ ላይ የነበረው ሦስት ብር ነው። ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ በጥምቀት ዋዜማ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ በጥምቀት ያልሸጠ ደግሞ እስከ ፋሲካ ይራባል። ቤቱም ሚስቱ መሠረትና የአራት ወር ሕፃን አሉ።

በማግሥቱ የሽመና ዕቃውን ነቀለ፤ ጉድጓዱን ሊደፍን ተነሣ። ሲቆፈር የወጣው አፈርማ የለም፤ ወይዘሮዋ ወጥ ቤታቸውን አስመርገውበታል። ፀሐዬ ከወንዙ ዳር በጆንያ አሥራ አንዴ ተመላለሰ። መሠረት ሕፃኑን አዝላ በባዶ እግሯ ረገጠችው። ወለሉ እንደ ገበታ ለጥ አለ።

ወይዘሮዋ መጥተው በተረከዛቸው ሞከሩት። «ይሰምጣል። ሳልፍ እግሬ ቢሰበር ማን ሊያስታምመኝ ነው? ሦስት ቀን ይቆይ።»

በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስት ከገበያ ሲመለሱ ወለሉ ስንዝር ያህል ወርዶ አገኙት። መሠረት ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ነካችው። ርሷል።

«ውሃ ደፍተውበታል» አለች።

«ዝም በይ።»

«በባልዲ ነው የደፉበት ፀሐዬ፣ የባልዲው ቂጥ እንኳ እዚህ ታትሟል!»

እንደገና አፈር ተሸከመ፣ እንደገና ደፈነ። ረቡዕ ዕለት ሄዶ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ምስር እየለቀሙ ቀና ሳይሉ፣ «ክረምት ይለፍበትና እናየዋለን» አሉት። ኅዳር ላይ ሆነው ክረምት ይለፍበት! ፀሐዬ የዋህ ሰው ነው፣ ግን ያን ጊዜ ደሙ ፈላ።

«እንግዲያው ለሽማግሌ እነግራለሁ። ካልሆነም ቀበሌ እሄዳለሁ።»

ወይዘሮዋ ሰፌዱን አስቀመጡ። «ሂድ እንጂ፣ ማን ያዘህ? ምን ብለህ ነው የምትከሰው? ተከራይ ነኝ ብለህ?»

እሱ ግን የትም አልሄደም። የሄዱትስ እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደበላ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ ከች አለ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሸፍነው ከኋላው ቆመዋል።

«ጉድጓድ ደፈንክ አሉ። ከሥር ምን ቀበርክ?»

በዚያ ዓመት፣ ልጆቼ፣ ቤቱ ወረቀት ወይም መሣሪያ ተገኘ የተባለ ሰው በማግሥቱ መንገድ ዳር ተጥሎ ነበር የሚገኘው።

«ምንም አልቀበርኩም ጓድ። የእግር ጉድጓድ ነው። ደፍነህ ውጣ ስላሉኝ…»

«ቆፍር።»

ቆፈረ። ደበላ ከተነቀሉት የሽመና እንጨቶች ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ለኮሰ። ሁለቴ በጀርባው ያመጣውን አፈር ፀሐዬ አካፋ በአካፋ እያወጣ በር ላይ ከመረው። የድሮው ጉድጓድ ወለል ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ከዚህ በታች ሰው ያልነካው መሬት ነው።»

«ቀጥል።»

ቀጠለ፤ ደረቱ ድረስ ገባ። አንድም ነገር አልተገኘም። መሠረት ግቢው ውስጥ ሕፃኑን ታጠባለች፤ ወተቱ ግን አልወርድ ብሏታል። ደበላ በከንቱ በመድከሙ ተናደደና በሰደፍ ትከሻውን አለው። ደረቱ ድረስ መሬት ውስጥ ለቆመ ሰው የሰደፍ ምት ከሰማይ ነው የሚወርድበት፤ ወዴትም አይሸሸው።

«ለመሆኑ የሴትዮዋ ምናቸው ነህ? ተከራይ ነህ እንዴ?»

ነኝ ቢል የሴትዮዋ ቤት ይወረሳል፤ ወህኒም ይወርዳሉ። እሱ ግን መዝገብ ላይ ዋሽቷል። መዝገብ ላይ የዋሸ ሰው ሌላስ ምን ይደብቃል? በዚያ ወቅት እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያጣራ አልነበረም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከነጠላቸው በላይ ትክ ብለው ያዩታል፤ ፍርሃት እንኳ አይታይባቸውም።

«ዘመድ ነኝ» አለ።

«የማን ዘመድ?»

«የአቶ ስብሐት የወንድም ልጅ።»

«ደበላ ልጄ፣ ይህንንም ጠይቅልኝ» አሉ ወይዘሮዋ፣ «እርስዎ ዘንድ ገንዘብ አለኝ እያለ ያስፈራራኛል።»

«ገንዘብ አለህ?»

ፀሐዬ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የሴትየዋን እግር ነው የሚያየው።

«የለኝም።»

«ጮክ በል፣ ይስሙህ!»

«እሳቸው ዘንድ ምንም ገንዘብ የለኝም!»

ውጭ የተቀመጠችው መሠረት ሰማችው። ደበላ ሲጋራውን ጉድጓዱ ውስጥ ወርውሮ ሄደ። ወይዘሮዋም ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረብ ብለው ወደ ታች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ ጉድ ነው! አሁን ይኼን ማን ሊደፍነው ነው?»

ማምሻውን ጎረቤቷ እማማ ገበያነሽ የሞቀ የጨው ውሃ ይዛ መጣች፤ ትከሻው አብጦ ነበርና። እያሸች በጆሮው አንሾካሾከች። «ካንተ በፊት ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ሸማኔ፣ ሁለቱም የስብሐት የወንድም ልጅ። ሰውዬው በምድር ላይ አንድ ወንድም እንኳ አልነበረውም።»

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ እማማ?»

«ዝም አይነቅዝም ልጄ። አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችና ጨርቁን ጨመቀችው።

ዓርብ ጧት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ራሳቸው ጠሩት። በርጩማ ስበው አስቀመጡት። ድምፃቸው እንደ ማር ነው።

«እኔ የደሀ ላብ በልቼ ሲኦል ልወርድ ነው? ትናንት ያልኩትን እርሳው፤ ያን ሁሉ ያናገረኝ ዘመኑ ነው። ገንዘቡ ግን እጄ ላይ የለም፣ በልቼዋለሁ። ሌላ ሸማኔ አምጣልኝና ከሱ ተቀብዬ ላንተ እሰጣለሁ። ጉድጓዱንም ተወው፣ ለሱ ይሆናል።»

«ለሌላ ሰው…»

«ሸጎሌ የያዝከው ቤት ነገ አይደለም እንዴ ቀኑ? መሠረት ነግራኛለች።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ፀሐዬ ሽሮ ሜዳ ወጣ። የአገሩን ልጅ ዓለሜን የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ዓለሜ ከመስቀል ወዲህ ከጨንቻ የመጣ ነው፤ የራሱ ጉድጓድ ስለሌለው በሰው ጉድጓድ፣ ሰዎቹ ሲያርፉ እየጠበቀ ይሠራል። አባቱ በሬ ሸጦ የሰጠውን ብር በመቀነቱ ቋጥሮ ይዞ ይዞራል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ የሚጠብቅ ክፍል አለ ሲባል ፊቱ በራ፤ የፀሐዬን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ፀሐዬ ወደ ኋላ ሸሸ።

መንገድ ላይ ዓለሜ በጥያቄ ፋታ ነሣው።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ እንዴት ናቸው?»

«ክፍሉ አያፈስም።»

«እሱስ ደስ ይላል። ሴትዮዋን ነው እንጂ የጠየቅኩህ።»

ፀሐዬ አፉን ከፈተ። ትከሻው ጠዘጠዘው።

«ደግ ናቸው» አለ።

ወይዘሮዋ ከዓለሜ ላይ ሃያ አምስቱን ብር መያዣ፣ አርባ ስምንቱን ብር ኪራይ ተቀበሉ። ጓዳ ገብተው አልሸሸጉትም። እዚያው፣ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ እያየ፣ ከገንዘቡ ላይ አርባ አምስት ብር ቆጥረው ለፀሐዬ ዘረጉለት።

«ይኸው መያዣህ ከቀረው ኪራይህ ጋር። እኔ ሰው ሲወጣ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሬ ነው የምሸኘው። አይደለም ፀሐዬ?»

አሥራ ሁለት ብር ጎድሏል። ፀሐዬ ብሩን አየ፣ ልጁን አየ። ያኔ ነው ሴትየዋ ገንዘቡን ለምን እንደመለሱለት የገባው።

«አይደለም ወይ?» አሉ ደግመው።

«ነው እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዓለሜ እፎይ አለ። መቀነቱን እንደገና ፈታ። «እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ የዓመቱን ልክፈልና ልረፍ። እኔ ጋ ቢቀመጥ ሌባ ይበላዋል።»

«እንደ ወደድክ፣ የኔ ጌታ» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ።

ፀሐዬ የሽመና እንጨቶቹን ባልታመመው ትከሻው ተሸክሞ ወጣ። መሠረት ሕፃኑን አዝላ፣ የተጠቀለለውን ድር አቅፋ ተከተለችው። የሸጎሌን መንገድ ሲይዙ ጠጋ አለችው።

«ነገርከው?» አለች።

«አርባ አምስት ብቻ ነው የሰጡኝ።»

«ነገርከው ወይ ነው ያልኩህ።»

ፀሐዬ እንጨቶቹን አመቻቸና እርምጃውን አፈጠነ።

«ቶሎ ቶሎ በይ» አላት፣ «ሀጂራ ለሌላ ሰው ትሰጥብናለች።»