ለሻለቃ የተዘጋጀው ውሃ

ስዊድን አገር፣ ቴንስታ ሰፈር ውስጥ ስለ ዓሣ ከዝማሬ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን የምትለው ዝማሬ ራሷ ናት እንጂ ሌላ ሰው ሲለው አልተሰማም። የሚገርመው ደግሞ ዓሣ የሚባል ነገር ገና አልነበራትም። የነበራት፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠ ውሃ ብቻ የተሞላ የመስታወት ሣጥን ነው።

“ባዶ ውሃ ላይ አፍጥጦ መዋል ምን የሚሉት በሽታ ነው?” አለቻት ሰርክ የምትባለው እናቷ፣ መወልወያዋን ተደግፋ።

“ባዶ አይደለም እማዬ፤ እየበሰለ ነው።”

“ሳይጣድ?”

“አይገባሽም፣ ተይው በቃ።”

ዓሦቹ የሚመጡት ከታችኛው ፎቅ ነበር። እዚያ ጋሽ ዓምደሚካኤል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። አሁን ኩላሊታቸው እምቢ ስላለ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሊተኙ ነው። ከዚያ ሲወጡም የሚገቡት አረጋውያን ቤት ነው፤ እዚያ ዓሣ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ያሏቸው፣ ጉፒ የሚባሉ ጥቂት ጅራታቸው የቀላ ትናንሽ ዓሦችና ሻለቃ ናቸው። ሻለቃ ግራጫ፣ ባለጢም፣ አሸዋ ለአሸዋ ሲልከሰከስ የሚውል ዓሣ ነው። ጋሼ መስታወቱን በጥፍራቸው ቆርቆር ሲያደርጉ ግን ካለበት ተነሥቶ ይመጣል። ከእሳቸው ሌላ ለማንም መጥቶ አያውቅም።

“የቀረኝ ዘመድ እሱ ነው” ብለዋታል። “ስለዚህ ስሚኝ። አዲስ ውሃ ዓሣ ይገድላል። የዓሣ ቆሻሻ መርዝ ይሆናል፤ ያንን መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ መጀመሪያ ማጣሪያሽ ውስጥ መራባት አለበት። ይኸውልሽ የእኔ አሮጌ ስፖንጅ፤ ባክቴሪያው የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ወስደሽ ያንቺ ማጣሪያ ውስጥ ክተቺው።”

ስፖንጁ ቡናማና ዝልግልግ ነበር። ዝማሬ አፍንጫዋን ያዘች።

“ይቅርብኝ ጋሼ፣ የሰው እድፍ ቤቴ አላስገባም። የራሴን አራባለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያላነበብኩት የለም እኮ!”

ሽማግሌው ስፖንጁን መልሰው አስቀመጡት። ቀጥለው የውሃ መመርመሪያቸውን ሰጧት፤ አንዲት ብልቃጥና ጠብታ። ጠብታው ውሃውን ቢጫ ካደረገው ደኅና ነው፤ አረንጓዴ ካደረገው መርዝ አለ።

“ዓሦቹ ከገቡም በኋላ በየጠዋቱ ለኪ። አረንጓዴ ካየሽ ወዲያው ግማሹን ውሃ ቀይሪ። እሺ?”

“እሺ፣ እሺ።”

ባክቴሪያ እንዲራባ የሚበሰብስ ነገር ያስፈልገዋል። ጋሼ “ቆንጠር አድርገሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጊበት” ብለዋት ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን በሬካ ይፈጥናል አለ። ሬካ ስዊድኖች ዳቦ ላይ ከምረው የሚበሏት፣ ጢሟ የረዘመ፣ እግሯ የበዛ የባሕር ነገር ናት። ሰርክ ቤት ይህቺ ነገር በፍስክም አትገባም፤ ያኔ ደግሞ ሁዳዴ ነበር። ዝማሬ ከክፍል ጓደኛዋ ሳንድዊች ላይ አንዷን ለመነች፣ በእናቷ አሮጌ ስቶኪንግ ቋጠረችና ከድንጋዩ ጀርባ ወሸቀቻት። ለእናቷ ማስረዳት? ኧረ ወዲያ! ማን ያንን ሁሉ ጥያቄ ይመልሳል?

ውሃው ደፈረሰ። ሸተተም። ጠብታው ድፍን አረንጓዴ ሆነ፤ ዝማሬም “ሠራ! የባክቴሪያው ቀለብ መጣ!” ብላ ተደሰተች።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ በበረኪና ታጥቧል። የንስሐ አባታቸው ሊመጡ ስለሆነ ሰርክ ጣሪያው ሲቀር ያልፈተገችው ነገር አልነበረም። አኳሪየሙ ውስጥ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል። ዝማሬ ወዲያው ለካች። ቢጫ! ከድንጋዩ ጀርባ ብታይ ሬካዋ የለችም። ባክቴሪያው ቅርጥፍ አድርጎ በልቷታል ማለት ነው። ስቶኪንጉስ? ስለ ስቶኪንጉ አላሰበችም።

ደረጃውን በሩጫ ወርዳ “ጋሼ፣ ደርሷል!” አለች።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ዓሦቹን በባልዲ አድርገው አመጡላት። ታክሲው እየጠበቃቸው ስለነበር አልገቡም። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ባልዲውን በጥፍራቸው ቆረቆሩ፤ ሻለቃ ወደ ላይ ብቅ አለ። “በል እንግዲህ” ብለውት ወደ ታክሲው ሄዱ።

ዝማሬ መመርመሪያውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። የደረሰ ውሃ ምኑ ይለካል?

መጀመሪያ ሁሉም ደኅና ነበር። ከዚያ ጉፒዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር።

“ርቧቸው ነው፣ ምስኪኖች” አለች ሰርክ፤ ምግብም በተነችላቸው። ዝማሬም በተነችላቸው። የባሰ አፋቸውን ከፈቱ፤ የባሰ በተኑላቸው። በማግስቱ ጉፒዎቹ ተገልብጠው ተገኙ። ሻለቃ አሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ መተንፈሻ ስንጥቡ ደም መስሏል። ዝማሬ መስታወቱን እንደ ጋሼ ቆረቆረችው። ጢሙን ነቅነቅ አደረገ፣ ግን አልተነሣም።

ያኔ ወንበር ላይ ወጥታ መመርመሪያውን አወረደች። ጠብታው ውሃውን የዛፍ ቅጠል አስመሰለው። በባልዲ ቀዳች፣ ደፋች፣ ሞላች፤ እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ረጠበ። ውሃ ቀይራ ስትጨርስ ጢሙም አይነቃነቅም ነበር።

“ደርሶ ነበር እኮ!” እያለች ምንጣፉ ላይ ተንሰቀሰቀች። “ሬካዋን እንኳ በልቶ ጨርሶ...”

ሰርክ ባለችበት ደርቃ ቀረች። “ያቺን እግራም? እሷንማ እኔ ነኝ የጣልኳት። በጾም ተደብቀሽ እየበላሽ እዚያ የምትሸሽጊ መስሎኝ... አባ መጥተው ቢያዩስ? ገመናሽን ልሸፍን ብዬ ሁሉንም ነገር፣ ያንን የሚሸት የማጣሪያሽን ስፖንጅ ሳይቀር፣ በበረኪና ፈተግኩት። ደጋግሜ አለቀለቅሁት፤ አዲስ ውሃም ሞላሁበት። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ...”

ቢጫው የአዲስ ውሃ ቢጫ ነበር፤ ባክቴሪያውን በረኪናው ጨርሶታል። ዝማሬ የምትሰድበው ሰው ፈለገች። እናቷን ስታይ እናቷም እያለቀሰች ነው።

ፍሌሚንግስቤሪ እስክትደርስ ባቡሩ ላይ የምትለውን ስትደረድር ሄደች። ጋሽ ዓምደሚካኤል ክንዳቸው በፕላስተር ታሽጎ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ዝማሬ አልጋው ግርጌ ቆማ ስለ ሬካዋ፣ ስለ ስቶኪንጉ፣ ስለ በረኪናው ሳትተነፍስ ተናገረች።

“ከገቡ በኋላ ለክተሽ ነበር?” አሏት።

“ከመግባታቸው በፊት ለክቼ ቢጫ—”

“ከገቡ በኋላ።”

“አልለካሁም።”

“ሻለቃን ቆረቆርሽለት?”

“አዎ።”

“መጣ?”

“ጢሙን ብቻ...”

ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አደረጉ። ዝማሬ እንደ ልማዷ ቀጠለች። “ጋሼ፣ ሌላ ሻለቃ እፈልግልዎታለሁ። አሁን እኮ በደንብ ገብቶኛል፤ ከእንግዲህ ስለ ውሃ ከእኔ በላይ የሚያውቅ—”

“እናትሽ ያጠበችው ማጣሪያ ነው። ዓሦቼን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ። አሁን ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር በይልኝ።”