የተልባ ዘይት ጨርቆች

በንጽሕና ቀልድ አላውቅም። ጉርድ ሾላ ያለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ወለል ላይ ሰጋቱራ ካየሁ ቀኔ ይበላሻል። ሠራተኞቼ «እትዬ አሰገደች መጥረጊያ ይዘው ነው የተወለዱት» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ።

ሙዘሚል ግን አያማኝም ነበር። ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ እንደሱ እጁ የተባረከ ሰው አላየሁም። እንጨት በእሳት ማጥቆርንም ያመጣው እሱ ነው። የጥድ ጣውላውን ፊቱ እስኪከስል በጋዝ እሳት ይለበልበዋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍገዋል፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። ሲደርቅ እኔ የተልባ ዘይት ስስ አድርጌ እቀባና ጥቂት ቆይቼ የተረፈውን እወለውላለሁ። ያን ጊዜ ጥቁሩ እጅ ላይ መልቀቁን ይተዋል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ጠረጴዛዎች ያዘዘን ጊዜ ባለቤቱ «ቅባቱ ምግብ ላይ ጉዳት የለውም?» ቢለኝ ሳቅሁበት።

«ተልባ ነው እኮ ወንድሜ! ሆድህን ሲያምህ የምትጠጣው!»

የወለወልኩባቸውን ጨርቆች አልጥልም። ታጥበው ደግመው ስለሚያገለግሉ ቅዳሜ ሥራ ስንጨርስ አጣጥፌ ጆንያ ውስጥ እጠቀጥቅና አፉን አስራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሁላችንም መጨረሻ ወጥቶ የቆለፈው ሙዘሚል ነበር። አመሻሹ ላይ ጎረቤቶች ደወሉልኝ። ስደርስ እሳቱን አጥፍተውታል፤ አራት ጠረጴዛና ግማሽ ግድግዳ ተቃጥሏል። የተነሣው ጆንያው ከነበረበት ጥግ ነው። ሙዘሚል ደግሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰው በተሰበሰበበት «ሲጋራህን የት ነው የጣልከው?» አልኩት።

«ካቆምኩ ወር አልፎኛል፣ እትዬ። ወላሂ አላጨስኩም!»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በእኛ ቤት አይማልም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚምል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነው ያደግሁት።

«እዚህ ቤት መሐላ አይሠራም። የሚምለው ውሸታም ነው» አልኩት።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከመሐላው የሚበልጥ የሚሰጠኝ ቃል አልነበረውም፤ ያኔ ግን አላሰብኩትም። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እኔም አላረፍኩም። ከእንጨት ነጋዴው ከዋቅቶላ ጀምሮ እስከ ቀለም ሻጯ ዘሃራ ድረስ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም «ሙዘሚል አቃጠለኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የቀጠረው ሰው የለም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን የቀሩትን ጠረጴዛዎች ጠዋት ብቻዬን ቀባሁ፣ እንደ ልማዴ ጨርቆቹን ጆንያ ውስጥ አሰርኩና ቆልፌ ጸሎት ቤት ሄድኩ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ከሰዓት ተመልሼ ጨርቆቹን ልጠብ ብዬ እጄን ብሰድድ እንደታመመ ሕፃን ግንባር ያተኩሳል። ወደ ግቢ ጎትቼ ስዘረግፈው መሃሉ ጠቁሯል፤ ጭስ ወጣው። ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁበት።

ሲጋራ የለም፣ ሰው የለም። ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ወንድሜ ኤርሳዶ ነው በስልክ ያስረዳኝ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከታፈነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይነዳል። አንድ በአንድ ደጅ ላይ ቢሰጣ ወይም ውሃ ውስጥ ቢነከር ምንም አይሆንም ነበር። ያጣጠፍኩት እኔ፣ የጠቀጠቅኩት እኔ፣ ያሰርኩት እኔ። ግቢው መሃል ቁጭ አልኩ።

ሙዘሚልን አፈላልጌ ሃያ ሁለት አካባቢ አገኘሁት፤ አዲስ ሕንጻ ውስጥ በር ይቀባል። ሁሉንም ነገርኩት፤ አለቀስኩም። ብሩሹን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«እኔ ስምል ውሸታም ነበርኩ» አለ። «ጨርቁን ግን አመኑት።»

«ይቅር በለኝ፣ ተመለስ» አልኩት።

«ይቅር ብያለሁ። ግን ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ? እኔማ እንዳላቃጠልኩ አውቃለሁ። ያኔ ለነገሯቸው ሰዎች ይንገሩልኝ።»

ጉርድ ሾላ ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ ዋቅቶላ ሱቅ ገባሁ። ስድስት ሰባት ሰው ጣውላ ለማስቆረጥ ቆሟል። አፈርኩ። ሰው ሲቀንስ ብመለስስ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ሙዘሚልን ያዋረድኩት ግን ሰው ሲቀንስ ጠብቄ አልነበረም።

«ዋቅቶላ፣ ስለ ሙዘሚል አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ያ ቤትሽን ያቃጠለው?» አለ መጋዙን አጥፍቶ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁን እስኪያቆም ድረስ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ዘሃራ ሱቅ ሄድኩ።