የአያ አብደላ ፊልሞች ተራ

በ1972 ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎረቤቴ ሲራጅ አዲስ ደብተር ገዛና ሽፋኑ ላይ «የድምፅ አልባ ፊልሞች መመልከቻ ዕቅድ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። በዚያ ዘመን ከሚሴ ላይ ዕቅድ የሌለው አልነበረም። ቀበሌው ዕቅድ አለው፣ ገበሬ ማኅበሩ ዕቅድ አለው፣ እኛም የሴቶች ማኅበር ላይ ዕቅድ ሲነበብልን ነው የምንውለው።

«አንተ ብቻ ቀርተህ ነበር። ኮታህ ስንት ነው?» አልኩት።

«አሥራ አንድ፣» አለኝ፤ አልሳቀም።

ሲራጅ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርድና በጆንያ ሙሉ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ይመለሳል። እኔ ከሱቁ ቀጥሎ በስፌት መኪናዬ ላይ ስለምውል፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከሬዲዮ ጋር ሲጨቃጨቅ መስማት ለምጃለሁ። ከደብተር ጋር ሲጨቃጨቅ ግን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

አሥራ አንዱ የፊልም ቆርቆሮዎች የአባቱ የአያ አብደላ ነበሩ። አያ አብደላ በጎልማሳነታቸው ደሴ ላይ አንድ የመናዊ ነጋዴ ባቋቋመው የሲኒማ ቤት ተርጓሚ ነበሩ። ፊልሙ ድምፅ የለው፣ ጽሑፉ የፈረንጅ፤ ስለዚህ እሳቸው ከተወጠረው አቡጀዲ አጠገብ ቆመው «ኢላላ! እዩት እንግዲህ!» እያሉ ነገሩን ለሕዝቡ በአማርኛም በኦሮምኛም ያወርዱለታል። የመናዊው ወደ አገሩ ሲመለስ ቆርቆሮዎቹንና በእጅ የሚዞረውን ማሳያ ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ።

አሁን ግን የአያ አብደላ ዓይን እየከዳቸው ነበር። ቀኙ ጠፍቷል። ደሴ ያያቸው ሐኪም ግራውም ከዓመት እንደማያልፍ ለሲራጅ ነግሮታል። የዕቅዱም ነገር ይኸው ነው። ፊልሞቹን መጀመሪያ ከተሠራው እስከ መጨረሻው በዓመታቸው ተራ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ አንድ እያዩ፣ አባት ይናገራሉ፣ ልጅ ይጽፋል። ዓይናቸው ሳይጠፋ።

የእኔ ድርሻ የሱቁን መስኮቶች የሚጋርድ ጥቁር መጋረጃ መስፋት ነበር። የማሳያው መብራት በመኪና ባትሪ ይበራል። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ድንገት ገብቶ «ይዘቱ ምንድነው?» ቢል፣ አያ አብደላ «አንድ ሀብታም ጭቃ ውስጥ ይወድቃል» አሉት። ደስ ብሎት ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓርቦች በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ዓርብ አንዲት ሴት ስትዳር አየን፤ እኔም አለቀስኩ። በአራተኛው ዓርብ ያቺው ሴት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ደብተሯን አቅፋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቅ አለች።

«አጅሬ ሲራጅ፣ ባለፈው ሳምንት የዳርናት ልጅ መሠረተ ትምህርት ገባች ወይስ ምንድነው?» አልኩ።

ሲራጅ ማሳያውን አቆመና ቆርቆሮዎቹን መስኮት ሥር ወስዶ አገላበጣቸው። የመናዊው በሂጅራ የጻፈውን ዓመት ገና ድሮ ለይቶ አስልቶታል፤ የቁርአን ልጅ ነው፣ አይስተውም። የሳተው ሌላውን ነው። በሲኒማ ቤቱ የነበረ አንድ ጸሐፊ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ እየመለሰ በአንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ጽፏል። ሲራጅ ያንን ከፈረንጁ ጋር ደባልቆ ደርድሮታል። የሙሽራዋ 1913 የእኛ ነው፣ የተማሪዋ 1917 የፈረንጅ፤ ስለዚህ ተማሪነቷ ነው የሚቀድመው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። ሲራጅ ግን ዕቅዱን አቆመ። የትኛው የእኛ፣ የትኛው የፈረንጅ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አንድ ቆርቆሮ አልከፍትም አለ። ደሴ ለሚያውቀው አስተማሪ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ አንድ ወር ፈጀ፣ መጣና ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በዚያ መካከል አያ አብደላ አንድ ጠዋት የሱቁን ደፍ ስተው ወደ እኔ ገቡ።

«አካም፣ ሲራጅ? ደህና አደርክ?» አሉኝ።

ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ሻርፕ አድርጌያለሁ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ልጃቸው ወሰድኳቸው። መቀለዱ ጠፋኝ።

«ስማ፣ ወላሂ ያንተ ዓመት እስኪስተካከል የእሳቸው ዓመት ያልቃል፣» አልኩት።

«እት ሰዒዳ፣ ዝም ብዬ ላሳየው? የተዘበራረቀ ነገር ልጻፍ? ሌላ ጊዜ እኮ የለኝም!» ዓይኑ ቀላ። «ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ሥራውን ጠይቄው አላውቅም። አንዴ እንኳ በደንብ ላድርገው።»

አያ አብደላ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሰምተውናል። «ለመሆኑ በምን ተራ ነው የምትደረድረው?» አሉ።

«በተሠሩበት ዓመት ነዋ፣ አባ።»

«እኔ በተሠሩበት ዓመት አላየኋቸውም እኮ፤ የጭነት መኪናው ባመጣቸው ተራ ነው ያየሁት። አንዳንዴ መጨረሻው ክፍል ይመጣና መጀመሪያው ከስድስት ወር በኋላ ይደርሳል። ሰውየውን ገድለን፣ ቀብረን፣ አልቅሰን ጨርሰን፣ ከስድስት ወር በኋላ ይወለዳል። እኔ ነኝ የማስታርቀው!»

ሲራጅ ያን ያህል ወር ሲያሰላ የነበረው የፈረንጆቹን ተራ እንጂ የአባቱን አልነበረም። እኔም ያው፣ ቀድሞ የመጣልኝን አልኩ፦ «ታዲያ አያ አብደላን አትጠይቃቸውም?»

ደብተሩን ገልብጦ ከኋላ ጀመረ።

«መጀመሪያ የቱን አየህ?»

«ውሻ ያለበትን። ደሴ በገባሁ በሳምንቴ። ተርጓሚው ታሞ ቀርቶ፣ የመናዊው 'አንተ አፈ ጮሌ ነህ፣ ተነሥ' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሙሽራዋን። እናትህን ያገባሁ ሰሞን ነው። ያን ቀን ፊልሙ የማይለውን ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ።»

እንዲህ እያሉ አሥራ አንዱንም አስቀመጧቸው፤ አንበጣ የገባ ዓመት የታየ፣ ሲራጅ የተወለደ ዓመት የታየ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ያለቀ ዓመት የታየ። በፈረንጅ መጨረሻ የተሠራው ሦስተኛ ላይ ዋለ፣ የተማሪዋ ዘጠነኛ። ሲራጅ ጽፎ ሲጨርስ ለአስተማሪው «ይቅርብህ» ብሎ ጻፈለት።

በማግሥቱ ዓርብ እንደገና ከአንድ ጀመርን። አያ አብደላ ከአቡጀዲው ሁለት እርምጃ ላይ ቆሙ፤ ግማሹ ፊልም ሸሚዛቸው ላይ ነው የሚያልፈው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ኢላላ!» አሉ። ያ ለሶላት እንኳ ቀስ ብሎ የሚነሣው ሽማግሌ እንደ ውሻው ሮጠ፣ እንደ ፖሊሱ ተኮሳተረ። በአንድ እጁ ማሳያውን እያዞረ በሌላው ይጽፍ የነበረው ሲራጅ ያንን እያየ መጻፉን ረሳው፤ እኔ ነኝ በስድስተኛ ክፍል ጽሕፈቴ የቀጠልኩለት።

ሰባቱን በዓይናቸው አዩ። በስምንተኛው ዓርብ ፊልሙ ተጀምሮ ዝም አሉ። ግራ ዓይናቸውም እንደጠፋ ሲራጅም እኔም ገባን። ሲራጅ መዞሪያውን ይዟል፤ እጁን ቢያነሣ ፊልሙ ይቆማል። ጭንቅ ሲለኝ አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ሰውዬ ገባ።»

«እንዴት ገባ?» አሉ አያ አብደላ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ።

«በበር።»

«በበር መሆኑንማ አላጣሁትም! ተቆጥቶ ነው ወይስ ተርቦ?»

ወደ አቡጀዲው ጠጋ ብዬ ሰውየውን አየሁት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አተኩሬ አይቼ አላውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፤ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ተርቦ ነው። ግን አፍሯል።»

«እንዲያ በይኛ!» አሉ። ግድግዳውን ዳበስ አድርገው ቀና አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኢላላ! ይህ የምታዩት ሰው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም...» ትንሽ ሄደው ደግሞ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ቀጥዪ እንጂ ሰዒዳ፣ አሁን ምን እያደረገ ነው?»